ላፕቶፕ ላይ ያማረ ኢሜይል ስልክ ላይ ለምን ይበላሻል? ስለ ኤምጄኤምኤል እናውራ

ዛሬ ከወትሮው ዜና ትንሽ ወጣ ብለን ስለ ኢሜይል ልናወራ ነው። «ቴሌግራም እያለ ኢሜይል ደግሞ ማን ይጠቀማል?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ጎንደር ከተማ ውስጥ ሆቴል ያለው፣ ወይ ደባርቅ ላይ በአስጎብኚነት የሚተዳደር ሰው ግን እንዲህ አይልም። ስሜን ተራሮችን ለማየት ከጀርመን ወይም ከካናዳ የሚነሳ እንግዳ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚልከው ኢሜይል ነው፤ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀውም የኢሜይል መልስ ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያደረገን አንድ የደባርቅ ወዳጃችን ነው። አስጎብኚ ነው፣ ስሙን አንጠራም። ለአራት እንግዶች የአራት ቀን የእግር ጉዞ ፕሮግራም አዘጋጅቶ ላከ። ላፕቶፕ ላይ ተቀምጦ በሰንጠረዥ ነው የሠራው፦ ቀን፣ ከየት ወዴት፣ የጉዞ ሰዓት፣ ማደሪያ፣ ዋጋ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ማስታወሻ» የሚል ዓምድ። ማስታወሻው ውስጥ ዋጋው ለአንድ ሰው መሆኑን ጽፏል። እንግዶቹ ግን ያነበቡት በስልክ ነው። ሰንጠረዡ ከስክሪኑ ስለሰፋ የቀኝ ጫፉ ወጥቶ ቀረ። «ዋጋ» ከሚለው ወዲያ ያለውን ማንም አላየም፤ ወደ ጎን ይሳባል ብሎ የሞከረም የለም።

ደባርቅ ደረሱ። በቅሎዎቹ ተጭነዋል፣ ስካውቱ ጠመንጃውን አንግቷል፣ ምግብ አብሳዩ ሩዝና ዘይቱን አስሮ ቆሟል። ሒሳብ ሲነሳ እንግዶቹ የተጻፈው ዋጋ የአራታችንም ነው ብለው ነበር የመጡት። «እኔ እኮ ጽፌዋለሁ!» አለ። እውነቱን ነው፣ ጽፎታል። እነሱም አልዋሹም፤ ስልካቸውን አውጥተው አሳዩት። እንደምንም ተስማምተው ጉዞው ተጀመረ፤ የበቅሎ ነጂውንና የምግብ አብሳዩን ሒሳብ ግን ከኪሱ ሞልቶ ነው የከፈለው። አራት ቀን ሙሉ ሳንካበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እያለ ጭላዳና ዋልያ እያሳየ የዞረው ለባዶ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? እኛ እንደገባን የሰንጠረዡ ነው። ነገሩ ግን ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል።

ድረ ገጽም ኢሜይልም የሚጻፉት በአንድ ቋንቋ ነው፣ በኤችቲኤምኤል። ይህ ማርክ አፕ የሚባል የቋንቋ ዓይነት ነው፤ በአማርኛ «ምልክት ማድረጊያ» ብንለው ያስኬዳል። ኮምፒውተሩን «ይህን ደምር፣ ያንን ቀንስ» ብሎ የሚያዝ ሳይሆን ጽሑፍ ላይ ምልክት የሚያኖር ነው። ጎንደሬ ለዚህ እንግዳ አይደለም። የብራና መጻሕፍትን ያየ ሰው ቁም ጸሐፊው ጽሑፉን በጥቁር ቀለም እየጻፈ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም፣ እንዲሁም የምዕራፍ መነሻውን በቀይ እንደሚያደርግ ያውቃል። ቀዩ ቀለም ራሱ ቃል አይደለም፤ ስለ ቃሉ የሚናገር ምልክት ነው። ኤችቲኤምኤልም እንደዚያ ነው፦ ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ሥዕል ነው፣ ይህ ሊንክ ነው እያለ ምልክት ያደርጋል። ምልክቱን አይቶ ስክሪን ላይ የሚያወጣው ብራውዘሩ ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ድረ ገጽን የሚያወጡት ክሮም፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ ዛሬ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሚሠሩት። ኢሜይል የሚያወጡት ግን እንደዚያ አይስማሙም። ዋናው አስቸጋሪ ዊንዶውስ ላይ የሚጫነው አውትሉክ ነው። ማይክሮሶፍት ከአውትሉክ 2007 ጀምሮ ኢሜይሉን የሚያወጣው በብራውዘር ሞተር ሳይሆን በማይክሮሶፍት ወርድ ሞተር እንዲሆን አደረገ። አዎ፣ ማመልከቻ በምንጽፍበት በዚያው በወርድ! አዲሱ አውትሉክ ይህን ትቶታል፣ የድሮው ግን በየቢሮው ገና አለ። ጂሜይልም የራሱ ጸባይ አለው፤ «ስክሪኑ ጠባብ ከሆነ እንዲህ ሁን» የሚለውን መመሪያ በደንብ መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። እስከ ዛሬም ቢሆን የጂሜይል አፕ ላይ የሌላ ድርጅት ኢሜይል አካውንት አስገብቶ የሚያነብ ሰው ያ መመሪያ አይሠራለትም።

ስለዚህ ለሁሉም እንዲሠራ የሚፈልግ ሰው ወደ 1990ዎቹ አጻጻፍ መመለስ ነበረበት። ሰንጠረዥ ውስጥ ሰንጠረዥ፣ እሱ ውስጥ ሌላ ሰንጠረዥ፣ በየመሃሉ ለአውትሉክ ብቻ የሚነበብ ስውር ኮድ። አንድ ፎቶና አንድ አንቀጽ ጎን ለጎን ለማስቀመጥ ብዙ መስመር ኮድ። እኛም አንድ ጊዜ በእጃችን ልንጽፈው ሞክረን ማታ ጀምረን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተውነው።

ይህን ጣጣ የሚያቃልለው ኤምጄኤምኤል ነው። የሠራው ሜይልጄት የሚባል የፈረንሳይ የኢሜይል አገልግሎት ድርጅት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2016 ኮዱን ለዓለም ሁሉ ክፍት አደረገው። ነፃ ነው፤ ማንም ያወርደዋል፣ ማንም ይጠቀመዋል፣ ማንም ይለውጠዋል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ሸማኔ ጋ ስንሄድ ጥለቱ ሦስት ጣት ይሁን፣ ቀለሙ አረንጓዴ ይሁን እንለዋለን እንጂ ድርና ማጉን ክር በክር ቆጥረን አንሰጠውም። ኤምጄኤምኤልም ላይ የምንጽፈው የምንፈልገውን ብቻ ነው። ያንን አስቸጋሪ የሰንጠረዥ ኮድ እሱ ራሱ ሸምኖ በኤችቲኤምኤል ይሰጠናል።

ምልክቶቹ ጥቂት ናቸው። ኮዱ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻፉት፣ እዚህ በራሳችን ፊደል እናስቀምጣቸው። ኤምጄ-ቦዲ የኢሜይሉ ሙሉ አካል ነው። በውስጡ ኤምጄ-ሴክሽን አለ፣ ይህ አንድ ረድፍ ነው። ረድፉ ውስጥ ኤምጄ-ኮለም ይገባል፣ ዓምድ ማለት ነው። ዓምዱ ውስጥ ደግሞ የሚታየው ነገር፦ ኤምጄ-ቴክስት ለጽሑፍ፣ ኤምጄ-ኢሜጅ ለፎቶ፣ ኤምጄ-በተን ለሚጫን ቁልፍ። ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ግድ ነው፤ ጽሑፍን ዓምድ ውስጥ ሳታስገቡ ረድፍ ላይ ብትወረውሩት አይቀበላችሁም። ከዚህ በላይ ሌሎች ምልክቶችም አሉ፣ ለጀማሪ ግን እነዚህ ይበቃሉ።

የወዳጃችንን ፕሮግራም በዚህ እንየው። ለመጀመሪያው ቀን አንድ ረድፍ፣ ረድፉ ውስጥ ሁለት ዓምድ እናደርጋለን። በግራ የሳንካበር ፎቶ፣ በቀኝ «ቀን 1፦ ከደባርቅ ወደ ሳንካበር» ብሎ የጉዞው ሰዓትና ማደሪያው። ለሁለተኛው ቀን ሌላ ረድፍ፣ እንዲሁ እያለ ይቀጥላል። እንግዳው ላፕቶፕ ላይ ሲከፍተው ፎቶውና ጽሑፉ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ስልክ ላይ ሲከፍተው ፎቶው ከላይ፣ ጽሑፉ ከሥር ይሆናል። ወደ ጎን የሚሳብ ነገር የለም፤ ወደ ታች ብቻ ነው። ካልነካነው በቀር የኢሜይሉ ስፋት 600 ፒክስል ነው፣ ዓምዶቹ አንዱ ካንዱ ሥር የሚወርዱት ደግሞ ስክሪኑ ከ480 ፒክስል ሲያንስ ነው።

እዚህ ጋ በጣም የወደድነው አንድ ነገር አለ። ኤምጄኤምኤል አስቀድሞ የሚያስበው ስልኩን ነው። ኮዱን ከፍታችሁ ብታዩት እያንዳንዱ ዓምድ ሙሉ ስፋት እንዲይዝ ተደርጎ ነው የተጻፈው፤ ሰፊ ስክሪን ካገኘ ብቻ ጎን ለጎን ይሁን የሚል መመሪያ ከላይ ተጨምሮለታል። ስለዚህ አንድ አፕ መመሪያውን ቢጥለው እንኳ የሚቀረው የስልኩ ቅርጽ ነው። ላፕቶፕ ላይ ውበቱ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ስልክ ላይ የሚቆረጥ ነገር አይኖርም። ለአውትሉክ ደግሞ ያቺ ለእሱ ብቻ የምትነበብ ስውር ሰንጠረዥ ተጨምራለች።

ማስጠንቀቂያም አለን። ኤምጄ-ቴብል የሚባል ምልክት አለ፤ እውነተኛ ሰንጠረዥ ማስገቢያ ነው። ሰንጠረዥ ደግሞ በኤምጄኤምኤል ተጻፈም በሌላ ስልክ ላይ አይታጠፍም። ስድስት ዓምድ ያለው ፕሮግራም እዚያ ውስጥ ብትከቱ ወደ ወዳጃችን ጣጣ ተመለሳችሁ ማለት ነው። ዋጋውና «ለአንድ ሰው» የሚለው ቃል ደግሞ ምንጊዜም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይሁኑ፣ በሁለት ዓምድ አይለያዩ። ይህን ለማድረግ ኤምጄኤምኤልም አያስፈልግ!

አሁን ወደ አማርኛ እንምጣ፣ የውጭዎቹ መመሪያዎች የማይነግሩን እዚህ ላይ ነውና። ለዳያስፖራ ቤተሰብ፣ ለማኅበር አባላት፣ ለተመራቂዎች ኢሜይል የሚልክ ሰው በአማርኛ መጻፉ አይቀርም። ኤምጄ-ቴክስት ካልተነገረው በቀር የፊደሉን መጠን 13 ፒክስል፣ የመስመሩን ከፍታ ደግሞ ልክ የፊደሉን ያህል ያደርገዋል። ለእንግሊዝኛ ጭንቅ ጭንቅ ይላል እንጂ ይነበባል። የእኛ ፊደል ግን «ሁ»ን ከ«ሀ»፣ «ቡ»ን ከ«በ» የምትለየው ትንሽ ቅጥያ ናት፤ በ13 ፒክስል አርጀት ባለ ስልክ ላይ አትታይም። መስመሮቹም ይነካካሉ። እኛ ሞክረን ያየነው 16 ወይም 17 ፒክስል፣ የመስመር ከፍታው ደግሞ የፊደሉን አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው። ይህን በየጽሑፉ መደጋገም አያስፈልግም፤ ኤምጄ-አትሪቢዩትስ የሚባለው ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ከጻፋችሁት ለሁሉም ይሠራል።

ፎንት ሌላው ነገር ነው። ኤምጄኤምኤል ካልተለወጠ በቀር ኡቡንቱ የሚባለውን ፎንት ያስቀድማል፤ እሱ ላይ የግዕዝ ፊደል የለም። ስልኩ ከራሱ ፈልጎ ይተካዋል፤ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ሆኖም ቅደም ተከተሉን ራሳችሁ ብትጽፉት ይሻላል፦ ለአንድሮይድ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ለአዲሱ ዊንዶውስ ኤብሪማ፣ ከቪስታ ጀምሮ ለነበረው ኒያላ፣ ለአፕል ከፋ። የሚያምር ፎንት ከኢንተርኔት አውርዶ ኢሜይል ውስጥ መክተት ጂሜይል ላይ አይሠራም፤ አትድከሙ።

በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በድሮው ፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ የቆየ ሰነድ ካላችሁ ደግሞ ኮፒ አድርጋችሁ ኢሜይል ውስጥ እንዳትለጥፉት። የድሮዎቹ ፎንቶች በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ አማርኛ ሥለው ነው የሚያሳዩት፤ ፎንቱ የሌለው ሰው የሚደርሰው ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ነው። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት።

ነገሩ ታሪክ አለው። በአገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት በቴሌ በኩል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ያኔ ኢሜይል ላይ አማርኛ በፊደሉ መጻፍ የሚታሰብ አልነበረም። ውጭ አገር የነበሩት ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፍ ሥርዓት አዘጋጅተው ነበር፤ ምሕጻረ ቃሉ «ሴራ» ነው። ስሙ በእኛ አፍ ሌላ ነገር ቢመስልም ሥራው ቅን ነበር። ትንሹ የ«ቲ» ፊደል «ተ»ን፣ ትልቁ «ጠ»ን እያመለከተ ሰው ደብዳቤውን ይጽፍ ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ ስልካችን ላይ እንደልብ የምንጽፈው ከዚያ ወዲህ በመጣ ሥራ ነው።

ዩኒኮድ ግን አንድ ወጪ አለው። በተለመደው አሠራር አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ይህን የምናነሳው ጂሜይል ከ102 ኪሎባይት ገደማ የበለጠ ኢሜይል ሲያገኝ መሃል ላይ ቆርጦ «ቀሪውን ለማየት ይጫኑ» ስለሚል ነው። 5,000 የአማርኛ ፊደል 15 ኪሎባይት ያህል ነው፤ እሱ ብቻውን አያስፈራም። ኤምጄኤምኤል የሚሸምነው ኮድ ግን ረዥም ነው። የዐሥር ቀን ጉዞ በዐሥርና በሃያ ረድፍ ብትጽፉ ሁለቱ ተደምረው ሊያልፉት ይችላሉ። የሚቆረጠው ደግሞ መጨረሻው ነው፤ ብዙ ሰው ዋጋውንና ስልኩን የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። ኮዱን ሲያወጣ ክፍት ቦታዎቹን እንዲያጠብ ማዘዝ ይቻላል፣ ያ መጠኑን ይቀንሳል። ዋናውን ነገር ከላይ መጻፍ ደግሞ ምንም አያስከፍልም።

ስለ ፖስተርም አንድ ነገር እንበል። የእኛ ሰው ፖስተር ይወዳል። ለጥምቀት ጎንደር ኑ የሚል ጥሪ፣ የፋሲል መዋኛ ፎቶ ከጀርባ፣ ቀኑ፣ የሆቴሉ ዋጋ፣ ስልክ ቁጥሩ፣ ሁሉም አንድ ሥዕል ውስጥ ተጽፎ ይላካል። ፌስቡክ ላይ ያምራል። ብዙ የኢሜይል አፖች ግን ተቀባዩ ካልፈቀደ ሥዕል አይከፍቱም፤ የሚደርሰው ባዶ ሳጥን ነው። ሥዕሉ ከተከፈተም ስልክ ላይ ሲጠብ ጽሑፉ ጉንዳን ያክላል። ከባድ ከሆነ ደግሞ የሰውን ዳታ ይበላል። ጽሑፉን በኤምጄ-ቴክስት ጻፉ፣ ፎቶውን አሳንሳችሁ በኤምጄ-ኢሜጅ አስገቡ፣ ፎቶው ባይከፈት በምትኩ የሚነበብ አንድ አጭር መግለጫም ጨምሩበት።

የት ነው የሚሠራው? ቀላሉ የኤምጄኤምኤል ድረ ገጽ ላይ ያለው መሞከሪያ ነው፤ በግራ ትጽፋላችሁ፣ በቀኝ ውጤቱን ታያላችሁ። እኛ የምንመርጠው ግን ኮምፒውተር ላይ መጫኑን ነው። ኖድ የሚባለውን ፕሮግራምና ኤምጄኤምኤልን አንድ ጊዜ ካወረዳችሁ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ለምን ይህን እንደመረጥን ጎንደር ላለ ሰው መንገር አያስፈልግም። በ2015 ክረምት መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ስንቆይ ኢንተርኔት ላይ ብቻ የሚሠራ ነገር ምን ያህል እንደሚያስርብ አይተናል። ኢሜይል እዚህ ላይ ከብዙዎቹ ይሻላል፤ የተላከላችሁ መልእክት ሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ እስክትመጡ ይጠብቃል። እናንተም ረቂቁን ያለ ኔትወርክ ጨርሳችሁ ዋይፋይ ባገኛችሁባት ግማሽ ሰዓት ትልኩታላችሁ።

አላላኩ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሰናከላል። ጂሜይል መጻፊያው ላይ ኮድ ማስገቢያ ቦታ የለውም። ከብራውዘር ኮፒ አድርጎ መለጠፍ ይሞከራል፤ ጂሜይል ግን የፈለገውን ወስዶ የቀረውን ስለሚጥል ውጤቱ አይታመንም። ትክክለኛው መንገድ ኮድ በሚቀበል የኢሜይል መላኪያ አገልግሎት መላክ ነው። ሜይልጄት ራሱ አንዱ ነው፣ ብሬቮም አለ፤ ሁለቱም ለትንሽ ላኪ ነፃ መነሻ አላቸው። ያልጠየቃችሁን ሰው ሁሉ ከኢንተርኔት ለቃቅሞ መላክ ግን አድራሻችሁን ስፓም ውስጥ ያስከትታል፣ ኮዱ ምንም ቢያምር።

ሌላም እውነት አለ። ለአንድ እንግዳ «አዎ፣ ክፍል አለን» ብሎ ለመመለስ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ተራ ጽሑፍ የትኛውም ስልክ ላይ አይበላሽም። ኤምጄኤምኤል የሚጠቅመው ተደጋግሞ ለሚላክ ነገር ነው፦ የጉዞ ፕሮግራም፣ የክፍል ማረጋገጫ፣ የማኅበር ወርሃዊ መልእክት። አንድ ጊዜ ተሠርቶ ስምና ቀን ብቻ እየተቀየረ ለሚላክ።

ወዳጃችን ፕሮግራሙን ከእኛ ጋር በሁለት ከሰዓት እንደገና ሠራው። ኮድ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ላይ አንድ ምልክት መዝጋት ረስቶ ሁሉም ጠፋበት፣ ተሳደበም። ሁለተኛው ቀን ላይ ግን ረድፍ ጨምሮ የጨነቅን ፎቶ ራሱ አስገባ። አሁን ኢሜይሉ ሲከፈት ከሰላምታው ቀጥሎ የሚታየው በደማቅ የተጻፈ አንድ መስመር ነው፤ ዋጋው፣ ያ ዋጋ ለአንድ ሰው መሆኑ፣ ውስጡ ምን ምን እንዳለ። ለእንግዳ ከመላኩ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ መጀመሪያ ወደ እህቱ ስልክ ይልከዋል። ስክሪኗ የተሰነጠቀ የድሮ ቴክኖ ነው። «እሷ ጋ ከተነበበ ጀርመንም ይነበባል» ይላል።